ማሸት አውቃለሁ ባይ እጄ

ባለፈው ወር አንድ ሐኪም «ይህን እግር ማነው ያሸው?» ብለው ሲጠይቁ ዝም ብዬ ነበር። ዛሬ በዚህች ግድግዳ ላይ ቦታ የለመንኩት መልሱን ለመስጠት ነው።

እናቴ ከእርሻ ሲመለስ የአባቴን ትከሻና ወገብ በቅቤ ታሸው ነበር። እኔም ከእሷ አይቼ ለመድኩ። ለማስተማር ልምምድ ወጥተን ቀኑን ሙሉ ጠመኔ ይዘን ስንቆም ውለን ማታ ስንገባ፣ በማደሪያችን «ኧረ እባክህ ትከሻዬን!» የማይለኝ አልነበረም። እውነትም አንገቱ የደረቀ ሰው ትንሽ ሲታሽ ጡንቻው ይላላል፣ ሐሳቡ ይሰክናል፣ እንቅልፉም ይመጣል። ይህ ደግሞ እንዲያው የእናቶች ወሬ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ አንድ የካናዳ ጥናት፣ 11 ወጣቶችን እስኪዝሉ ብስክሌት አስነድቶ፣ አንድ እግራቸውን ብቻ ለ10 ደቂቃ አሽቶ፣ ከሁለቱም እግር የጡንቻ ቅንጣት ወስዶ ሲመረምር፣ በታሸው እግር የመቆጣት ምልክት ቀንሶ ተገኝቷል። (ማሸት በጡንቻ የተጠራቀመውን አሲድ ያወጣል የሚባለው ግን በዚሁ ጥናት አልታየም።)

እኔ ታዲያ በዚህ ሁሉ ምስጋና ልቤ አብጦ ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ኳስ ስንጫወት ጓደኛዬ ወደቀና ቁርጭምጭሚቱ ወዲያው አበጠ። «ወለም ብሎት ነው፣ ለኔ ተዉት» አልኩና በቫዝሊን አሸሁት። ሲጮህ «ቻል አድርገው እንጂ፣ ወንድ አይደለህም?» ማለቴን ሳስብ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ሌሊቱን ሲያቃስት አደረ። በማግስቱ ራጅ ሲነሳ አጥንቱ ተሰብሯል። ያኔ ነው ሐኪሙ የጠየቁት። ጓደኛዬ እኔን ሳያይ «ራሴ ነኝ» አለ።

ሐኪሙ ግን የገባቸው ይመስለኛል፤ የቀረውን የተናገሩት ወደ እኔ እያዩ ነው። በቁርጭምጭሚት ግራና ቀኝ ጎልተው የሚታዩት አጥንቶች ጫፋቸው ወይም ኋላቸው ሲነካ የሚያም ከሆነ፣ ወይም የወደቀው ሰው አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ራጅ ያስፈልገዋል። ወለምታ ብቻ ቢሆን እንኳ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት አይታሽም፣ በሙቅ ነገርም አይተኮስም፤ እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍና ማቀዝቀዝ ነው። ባት አብጦ ሲግል ደግሞ የረጋ ደም ሊኖር ስለሚችል ጨርሶ አይነካም፤ ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ ይገድላል።

ጓደኛዬ አሁን በክራንች ነው የሚሄደው። ክራንቹ ትከሻውን ቢያደክመው ትናንት ማታ «እስቲ ና» አለኝ። እጄ እየተንቀጠቀጠ ቀስ ብዬ ጀመርኩ።

«ምን ሆነሃል፣ ጠበቅ አድርገው እንጂ!» አለኝ።