ከአጥሩ ሥር ያለው አፈር

ትናንት ማታ ድሬዳዋ ላይ ደህና ዝናብ ጣለ። በቆርቆሮው ድምፅ የተነሳ መደማመጥ አልቻልንም።

ጠዋት እዚህ ከዚራ ሰፈር፣ እናቴ ግቢ ገብቼ አፈሩን በጣቴ ጫር ጫር አደረግኩት። ሎሚው አካባቢ ጨበጥ ሲያደርጉት የሚያያዝ እርጥብ አፈር ነው። ከቡጋንቪላው አጥር ሥር ግን ላዩ ብቻ ረጥቧል፤ ትንሽ ዝቅ ሲሉ አቧራ ነው!

ጥቅጥቅ ያለ አጥር ዝናቡን በቅጠሉ ይይዘዋል። ካፊያ ከሆነማ መሬት ሳይደርስ እዚያው ይተናል። ነፋስ እየገፋው በሰያፍ የሚመጣ ዝናብ ደግሞ አንዱን ጎን አርሶ ሌላውን ያልፈዋል። ወደ ታች የወረደችውንም ጥቂት ውኃ ሥሩ ይሻማታል።

ታዲያ አጥሩ ይቆረጥ? እኔ አልስማማም። ድሬዳዋ በዓመት የምታገኘው ዝናብ 600 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱም በበልግና በክረምት ተከፍሎ። ፀሐዩና ደረቁ ነፋስ ሊያተኑት የሚችሉት ውኃ ከዚህ እጅግ ስለሚበልጥ፣ ነፋሱን የሚሰብር አጥር ይጠቅማል። እናቴ ቃሪያዋን ከአጥሩ ጥቂት እርምጃ አርቃ ነው የተከለችው። እዚያ ሥሩ አይሻማትም፣ ነፋሱን ግን አጥሩ ይከልልላታል። ከሰዓት በኋላ አፈሩ ገና ቀዝቀዝ እንዳለ ነው።

ደግሞ የድሬ ዝናብ ሰፈር ይመርጣል። እኛ ጋ ጠብ ሳይል፣ ደጋው ላይ በዘነበው ብቻ የደቻቱ ወንዝ ሞልቶ ሲወርድ አይተናል።

መጋላና ሳቢያን ያላችሁ፣ ማታ ዘነበላችሁ? ከአጥራችሁ ሥርስ ምን ተክላችሁ በቀለላችሁ? እስቲ ንገሩኝ፣ ለእናቴ አነብላታለሁ።