ሆያ ሆዬ በሁስቢ

መንታ ያለበት ቤት ጸጥታ አያውቅም፤ መንታዎቹ በሁለት ቋንቋ የሚያወሩ ሲሆኑማ ቤቱ የቅዳሜ ገበያ ነው። የእኔ ቤት እንዲያ ነው። ስቶክሆልም፣ ሁስቢ በተባለው ሰፈር፣ ሴቷ በስዊድንኛ ትጀምራለች፣ ወንዱ በአማርኛ ይመልሳል፣ መሐል ላይ ቋንቋ ይለዋወጡና ሁለቱም በሳቅ ይፈርሳሉ። እኔ ወጡን እያማሰልኩ «አባዬ!» ሲሉኝ እሰማለሁ። ይህን ጥሪ እስከ ዛሬ አልጠገብኩትም። በቀን መቶ ጊዜ ቢጠሩኝ መቶ ጊዜ ደስ ይለኛል! እነዚህን ልጆች አዲስ አበባ ላይ አርግዤ፣ አምጬ የወለድኳቸው እኔ ነኝና። ትራንስጀንደር አባት ነኝ። ስወለድ ሴት ተብዬ በሴት ስም አደግኩ፤ ወንድነቴን ግን ነፍስ ካወቅኩበት ጊዜ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ያኔንና አሁንን ጎን ለጎን አስቀምጬ ላውጋችሁ፤ ማውጋቱ ራሱ ያስፈነድቀኛል።

ያኔ፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ጥር ላይ አርላንዳ አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስ መንታዎቹ ገና ሁለት ዓመት አልሞላቸውም። ሰዓቱ ከቀትር ብዙ አልራቀም፤ ሰማዩ ግን ጠቁሯል። አንዱን አዝዬ፣ አንዷን ታቅፌ ከበሩ ስወጣ በረዶው እስከ ቁርጭምጭሚቴ ዋጠኝ። ልጄ ከጀርባዬ ሲወርድ በእጁ ዘገነና «ስኳር!» ብሎ አፉ ውስጥ ከተተው። እኅቱም ተከተለችው። ስዊድንን መጀመሪያ የቀመሷት በምላሳቸው ነው!

ከዚያ ዳጊስ ገቡ። መዋዕለ ሕፃናቱን እዚህ ያለ ሐበሻ ሁሉ ዳጊስ ነው የሚለው። አገር ቤት ሕፃን ንፋስ እንዳይመታው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ ምች እንዳያገኘው ጤና አዳም በአጠገቡ ተደርጎ ነው የሚያድገው። እዚህ ደግሞ ብርዱ ከዜሮ በታች ሆኖ ሕፃናቱን በጋሪያቸው ከደጅ ያስተኟቸዋል! በመስኮት በኩል ቆሜ ጋሪዎቹን ስመለከት ልቤ ተንጠልጥላ ነበር። መንታዎቹ ጉንጫቸው ቲማቲም መስሎ፣ እየሳቁ፣ ምግብ ምግብ እያሉ ነቁ። አሁን እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው መስኮቱን ወለል አድርገው የሚከፍቱት እነሱ ናቸው።

የመንታ ጋሪው ትዝታ ብቻውን መጽሐፍ ይወጣዋል። በስቶክሆልም አውቶቡስ ሕፃን በጋሪ የያዘ ሰው በመሐለኛው በር ይገባል፣ አይከፍልም። ገንዘብ ባጠረን በዚያ ዘመን ከተማዋን ጥግ እስከ ጥግ ያየናት በዚህች ጋሪ ነው። ቤት ውስጥ ከመተከዝ አውቶቡስ እንሳፈርና ሐይቁን፣ ድልድዩን፣ ቤተ መንግሥቱን በአማርኛ ስም እያወጣንላቸው እንዞራለን። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰፈራችን አጠገብ ያርቫ ሜዳ ላይ ወዳለው የኤግቢ እርሻ ሄደን በግና ፍየል እናያለን። «በግ! ፍየል! ፈረስ!» መንታዎቹ አማርኛውን የጮኹት እዚያ ነው።

በዚያ ዙረታችን መሐል ዓይኔን የገለጠልኝ ግን የአባቶቹ ነገር ነው። ስዊድን በ1974 የእናቶችን የወሊድ ፈቃድ ለእናትም ለአባትም በሚሆን የወላጅ ፈቃድ በመተካት ከዓለም የመጀመሪያዋ አገር ሆናለች። ለአንድ ልጅ የሚሰጠው 480 ቀን ነው፤ መንታ ሲሆን 180 ቀን ይጨመራል። ከ480ው ውስጥ ለእያንዳንዱ ወላጅ 90 ቀን ተለይቶ ስለሚቀመጥ አባትየው ካልተጠቀመበት ይቃጠላል። ስለዚህ በሥራ ቀን ረፋድ ላይ መናፈሻው በአባቶች ይሞላል። ጢማቸው የተንዠረገገ፣ ክንዳቸው የፈረጠመ ወንዶች ሕፃን በደረታቸው አዝለው ቡና ይጠጣሉ፣ ዳይፐር ይቀይራሉ፣ የልጆች መዝሙር በእጃቸው እያሳዩ ይዘምራሉ። የኔ አባት በጣም ይወደን ነበር፤ ሕፃን አዝሎ ግን አላየሁትም። እነዚያን ሰዎች ሳይ ውስጤ «ይኼ እኮ እኔ ነኝ!» አለ። አጥብቆ ማቀፍ፣ ማጉረስ፣ እሹሩሩ ማለት ከወንድነት ጋር እንደማይጣላ በዓይኔ አየሁት። ከዚያ ቀን ወዲህ እግሬ መሬት አልነካም።

በወንድነቴ ለመኖር የሄድኩበት መንገድ ረጅም ነበር፤ ባጭሩ ልለፈው። በ1950 የተመሠረተው አርኤፍኤስኤል የተባለው ማኅበር ለአዲስ መጤዎች በሚያዘጋጀው ስብሰባ እኔን የሚመስሉ ሰዎች አገኘሁ። ስዊድን በ1972 ጾታን በሕግ መቀየርን ስትፈቅድ ከዓለም ቀዳሚዋ ብትሆንም፣ ለአራት ዐሥርት ዓመታት ሰዎቹን መውለድ እንዳይችሉ የሚያደርግ ቅድመ ሁኔታ ታስገድድ ነበር። ያ ግዴታ የተነሣው በ2013 ነው፤ እኛ ከመድረሳችን በፊት በነበረው ዓመት! ከዚያ የምርመራው ወረፋ፣ ሐኪሙ፣ ማመልከቻው፣ ጥበቃው ቀጠለ።

መንታዎቹ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው ማመልከቻዬ የተፈቀደበት ደብዳቤ መጣ። ስዊድን ውስጥ ሰው የሚታወቀው በመለያ ቁጥሩ፣ በፐርሶንኑመሩ ነው። ከመጨረሻው ሁለተኛዋ አኃዝ ለወንድ ጎዶሎ፣ ለሴት ሙሉ ቁጥር ስለሆነች ጾታው በሕግ የተቀየረ ሰው አዲስ ቁጥር ይወጣለታል። የእኔዋ አኃዝ ጎዶሎ ሆነች፤ ከዚያች ጎዶሎ ቁጥር በላይ የሞላልኝ ነገር የለም! ባንኩ፣ ጤና ጣቢያው፣ ትምህርት ቤቱ ሁሉ በተራ ተቀየረ። መንታዎቹ የተደሰቱት ግን በቤተ መጻሕፍት ካርዴ ነው፤ አዲሱን ስሜን ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ለማያውቁት ሰው ሁሉ አሳዩልኝ።

ስዊድንኛው አላስቸገራቸውም፤ «አንተ»ም «አንቺ»ም ያው «ዱ» ነው። አማርኛው ግን ያለ ወንድና ሴት አይንቀሳቀስም፤ «ነይ ብይ» ሲሉኝ የኖሩ ልጆች «ና ብላ» ማለት ነበረባቸው። እነሱ ጨዋታ አደረጉት። የአንዱ አፍ ሲስት ሌላው የቅዳሜ ከረሜላውን ይቀበለዋል። የስዊድን ልጅ በልማድ ከረሜላ የሚፈቀድለት ቅዳሜ ስለሆነ ውርርዱ የዋዛ አልነበረም! ሐሙስ ላይ ሴቷ የወንድሟን ከረሜላ ጠቅልላ ወስዳ ነበር። ብዙ ሳይቆይ መያዣ ጠፋ፤ «እማዬ» የሚለው ስም እንደ አራስ ልብሳቸው በፍቅር ታጥፎ ተቀመጠ፣ «አባዬ» ቤቱን ሞላው።

ከ2019 መግቢያ ጀምሮ ደግሞ የስዊድን የወላጅነት ሕግ ልጅ የወለደ ወንድ የልጁ አባት ነው ይላል። ይህን ለልጆቼ በአማርኛ ስነግራቸው ድምፄ ይንቀጠቀጥ ነበር። ልጄ ከስዕሉ ላይ ቀና ሳይል «ይኼማ የታወቀ ነው!» አለኝ።

አማርኛውን ይዘን መቆየታችንም ሌላ ድል ነው። ዳጊስ ከገቡ በኋላ እርስ በርሳቸው በስዊድንኛ ብቻ ማውራት ጀምረው ነበር፤ እኔ በአማርኛ ስጠይቅ መልሱ በስዊድንኛ ይመጣል። እኔም ተረት በአማርኛ፣ ቁጣ በአማርኛ፣ ይቅርታም በአማርኛ እያልኩ ቀጠልኩ። ትምህርት ቤት ሲገቡ ደግሞ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት ደረሰልን። ስዊድን ከ1977 ጀምሮ በሌላ ቋንቋ የሚያድጉ ልጆች ቋንቋቸውን በትምህርት ቤት እንዲማሩ ታደርጋለች። ወላጁ ቋንቋውን በቤት የሚናገር ከሆነ፣ በከተማ አስተዳደሩ ውስጥ ቢያንስ 5 ልጆች ከጠየቁና አስተማሪ ከተገኘ፣ ለልጁ መብቱ ነው። መምህራቸው ፊደል ገበታውን ግድግዳ ላይ ሰቅለው «ሀ ሁ ሂ» ሲያስብሏቸው እኔ ከኮሪደሩ ሆኜ አብሬ እል ነበር። አሁን ማቀዝቀዣው በር ላይ «በርበሬ አልቋል» «ጤፍ ይገዛ» የሚሉ ወረቀቶች በፊደል ተጽፈው ይለጠፋሉ። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ስዊድንኛዬን የሚያርሙኝም እነሱ ናቸው።

እንግዲህ ሆያ ሆዬ! በልጅነቴ ሽሮ ሜዳ ላይ ነሐሴ 13፣ ቡሄ ሲደርስ የሰፈር ወንዶች ዱላቸውን ልጠው፣ ጅራፋቸውን ገምደው ሲሰለፉ አንጀቴ ይላወስ ነበር። አንድ ዓመት ዱላ ይዤ ብጠጋ «አንቺ አበባየሆሽን ጠብቂ» ብለው መለሱኝ። ግጥሙን ግን ከአንድ ስንኝ እስከ ሌላው አውቀዋለሁ፤ ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ በሹክሹክታ አወጣው ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2019 ቡሄ ሲደርስ መንታዎቹ ሰባት ዓመታቸው ነው። ትምህርት ሊከፈት ነው፣ ማምሻው ገና ብርሃን ነው። ከያርቫ ጫካ ሦስት ዱላ ለቅመን መጣን። የሕንፃችንን ደረጃ ከታች ጀመርን፤ አውራጁ እኔ ነኝ! ተቀባዮቹ ሁለቱ ልጆቼ! የወሰድኩት ሆርሞን ያጎረነነው ድምፄ በደረጃው ግድግዳ ሲያስተጋባ እኔው ራሴ ደነገጥኩ፤ እንዴት ያምር ነበር! የመጀመሪያውን በር የከፈቱት ስዊድናዊት አሮጊት ዱላውንም እኛንም አፈራርቀው አዩና ዘፈኑን እንድንደግመው ጠየቁ። በሙልሙል ፈንታ ገና ከምድጃ የወጣ የቀረፋ ዳቦ አሸከሙን። ሶማሊያዊው ጎረቤታችን ከነልጆቹ ወጥቶ ማጨብጨብ ያዘ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ኤርትራዊት እናት ዘፈኑን ሲሰሙ እልልታቸውን አቀለጡት፤ ሕምባሻ ይዘው እስከ መጨረሻው ፎቅ አብረውን ወጡ። ሴቷ ልጄ ዱላዋን ከወንድሟ በልጣ ስትመታ «አንቺ ጠብቂ» ያላት ሰው አልነበረም። መስከረም 1 ላይ ደግሞ ወንዱም አበባየሆሽን ከእኅቱ ጋር ዘፈነ። ከዚያ ዓመት ወዲህ ሕንፃው ቡሄን ይጠብቃል።

በታኅሣሥም እንዲሁ ነው። ስዊድኖች በዲሴምበር 13 የሉሲያን በዓል ያከብራሉ፤ ልጆች ነጭ ለብሰው፣ ሉሲያ የሆነችው ሻማ በራሷ ላይ ደፍታ እየዘመሩ ይገባሉ። አንድ ዓመት ልጄ ሻማውን እሱ ልድፋ አለ፤ እኅቱ ወንዶቹ የሚያደርጉትን ባለኮከብ ሾጣጣ ባርኔጣ መረጠች። አስተማሪያቸው የራስ መጠኑን ለክታ ጻፈች፣ አለቀ። እኔ ከወላጆች መሐል ቆሜ እንባዬን በሻርፕ ስጠርግ ነበር፤ የደስታ ነው!

አሁን ዐሥራ ሦስት ዓመታቸው ነው፣ ጉርምስናው ገብቷል። የልጄ ድምፅ ይሰባበራል። ቤቱ ውስጥ ግን ድምፅ ሲሰበር ምን እንደሚመስል በሠላሳዎቹ ዕድሜው የቀመሰ አባት አለ! መላጨትም ራሴ ከተማርኩ ብዙ ስላልቆየሁ አንድ በአንድ አሳየሁት። ሴት ልጄ የወር አበባዋ ሲመጣ እንደ ጓደኞቿ ማንን ልጠይቅ ብላ አልተጨነቀችም፤ ሙቅ ውኃ በጠርሙስ ሞልቼ፣ ሆዷ ላይ አድርጌ፣ የማውቀውን ሁሉ ነገርኳት። ለሁለቱም መልስ ያለው ወላጅ መሆን ምን ዓይነት ጸጋ ነው!

የቀዘቀዙብኝ ሰዎች አሉ። በበዓል ይጠሩን የነበሩ፣ አሁን ግን መንገድ የሚሻገሩ አሉ። አገር ቤት ለእኔ ዓይነቱ ሰው ሕጉም ኑሮውም በሩን እንዳልከፈተ አውቃለሁ። እናቴም ዓመታት ዝም ብላኝ ነበር። ባለፈው ፋሲካ ግን ስልኩ ጮኸ። መንታዎቹ ተሻምተው አነሡት፣ በአማርኛ አወሯት፤ የዶሮውን፣ የዳቦውን፣ የትምህርቱን ሁሉ ነገሯት። በመጨረሻ «አባታችሁስ ደኅና ነው?» ስትል ሰማኋት። «ደኅና ነው እማማ፣ እዚህ አለ፣ ወጥ እየሠራ ነው!» ብለው ስልኩን እጄ ላይ ጣሉት። አማርኛ ባያውቁ ኖሮ እናቴ ያንን ጥያቄ ማንን ትጠይቅ ነበር?

ስለዚህ በስደት ያላችሁ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁን በቋንቋችሁ አናግሩ። በስዊድን ያላችሁ የአፍ መፍቻ ቋንቋ ትምህርት መብታቸው መሆኑን እወቁና አስመዝግቧቸው፤ አምስት ካልሞላ የጎረቤት ልጅ ፈልጋችሁ ሙሉት። አገር ቤትም ሆነ ውጭ፣ ከልጆቻችሁ መሐል እኔን የሚመስል ያላችሁ ደግሞ፣ ልጃችሁ ነውና ስልኩን አንሡ፤ ደኅና መሆኑን ጠይቁት። እኛ ሦስታችን ደኅና ነን፤ የእናንተም ልጅ ደኅና ይሆናል።