ራውተሩ ከመቀየሩ በፊት

በእኛ በሀብሩ፣ በተለይ በመርሳ ከተማ፣ «ዋይፋያችን ደከመ» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ራውተሩን ቀይሩት» የሚል ነው። ምክሩ ለመካሪው ቀላል ነው፤ የሚከብደው ለከፋዩ ነው። አዲስ ራውተር ለጡረተኛ ቤት ትንሽ ወጪ አይደለም። ከወጪው ይልቅ የሚያስቆጨው ደግሞ ተገዝቶ፣ ተሰክቶ፣ አንቴናውን ሁሉ አቁሞ ሲያበቃ ጓሮ ክፍል ያለው ስልክ እንደ ድሮው ክብ ሲያዞር ማየት ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁት በነርስነት ሠርቼ ነው። በሙያችን ትኩሳት አለው የተባለ ሰው ሲመጣ መጀመሪያ ይለካል፣ መድኃኒቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። የቤታችንንም ዋይፋይ በዚያው ልማዴ ያዝኩት። የተማርኩትን ለሌላ ቤተሰብ ይጠቅም ይሆናል ብዬ እጽፋለሁ።

የእኛ ቤት ነገር እንዲህ ነው። ዘጠና ዓመት የተጠጋት እናቴ ዳሌዋ ከተሰበረ ወዲህ አልጋ ላይ ናት። የምትተኛው ከግቢው ማዶ ባለችው የጓሮ ክፍል ነው፤ ደረጃ የላትም፣ መታጠቢያውም አጠገቧ ነው። ታናሽ እህቴ ጂዳ በሰው ቤት ትሠራለች። የምታርፈው ዓርብ ከሰዓት ብቻ ነው፤ እናትና ልጅ የሚተያዩትም በዚያች ሰዓት ነው። ራውተሩ ያለው ሳሎን ሲሆን ኔትወርኩ ጓሮ ድረስ አይዘልቅም። ስለዚህ በየሳምንቱ እናቴን በአንሶላ ይዘን፣ ለሦስት ሆነን፣ ግቢውን አሻግረን ሳሎን እናመጣት ነበር። ዳሌው የተሰበረ አረጋዊ እንዲህ ሲንቀሳቀስ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው በቤቱ የለም። አንዲት እግር አዳልጧት ብትወድቅስ? ለኔ የራውተሩ ጥያቄ ይህ ነበር።

«ታዲያ በስልክ ድምፅ ብቻ አይነጋገሩም?» የሚል ይኖራል። በሰሜን ወሎ የኖረ ሰው ግን እንዲህ አይጠይቅም። ከ2013 ዓ.ም. ነሐሴ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥ አካባቢያችን በጦርነቱ ውስጥ በነበረባቸው ወራት ስልክም መብራትም አልነበረም። እህቴ ያን ጊዜ ያሳለፈችው እናቷ ትኑር አትኑር ሳታውቅ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልሉ የሞባይል ዳታ ተቋርጦ ብዙ ወራት ቆየ። ደውላ ስናገኛት «ደህና ናት ትሉኛላችሁ፤ መክሳቷን ግን ማን ይነግረኛል?» ትለን ነበር። የመስመር ኢንተርኔት ያስገባነውም አገልግሎቱ ከተመለሰ በኋላ እሷ በላከችው ገንዘብ ነው። ፊት ማየት ለዚህ ቤት ቅንጦት አይደለም።

ወደ መለካቱ ልመለስ። የወንድሜ ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ነው። እሱ ላፕቶፑን፣ እኔ ደብተሬን ይዘን ሦስት ቦታ ለካን። በቤቱ ያሉትን ስልኮች በሙሉ ከዋይፋዩ አስወጣን፤ አንዱ ቪዲዮ እያወረደ ከሆነ ልኬቱ ይበላሻልና። ከዚያ መጀመሪያ ላፕቶፑን በኬብል ከራውተሩ ጋር አገናኝተን ፍጥነቱን አየን። የጥቅላችን መጠን 4 ሜጋቢት ነው፤ 3.7 ሰጠን። ቀጥሎ ኬብሉን ነቅለን፣ ከራውተሩ ሁለት እርምጃ ርቀን በዋይፋይ ለካን፤ 3.6 ሆነ። በመጨረሻ እናቴ ትራስ አጠገብ ቁጭ ብለን ለካን፤ 0.2 ሆነ፤ አንዳንዴም ጭራሽ ይቋረጣል። ማታ ማታ የከተማው ሰው ሁሉ ስለሚጠቀም ጠዋትም ማታም ደገምነው። ልዩነቱ ጥቂት ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ ሰው የሚያየው የሚወርደውን ፍጥነት ብቻ ነው። በቪዲዮ ጥሪ ግን የእኛ ምስል ጂዳ የሚደርሰው በሚላከው ፍጥነት ነው፤ ይህ ደግሞ በመዳብ መስመር ከሚወርደው በጣም ያንሳል። እኛ ዘንድ በኬብል 0.9፣ በእናቴ አልጋ ዘንድ 0.1 ነበር። እናቴ ልጇን እያየች ልጅቷ «እምዬ፣ ተደበቅሽብኝ» የምትለው በዚህ ምክንያት ነው።

ሦስቱ ቁጥሮች ጎን ለጎን ሲጻፉ ሕመሙ የት እንዳለ ይናገራሉ። በኬብል የተለካው ራሱ ዝቅተኛ ከሆነ፣ ራውተሩን ከመጠርጠር በፊት ከውጭ የሚገባውን መስመር ማስመርመር ይቀድማል። መስመሩ የመዳብ ሽቦ ከሆነ የቤት ስልኩን አንስቶ ማዳመጥ ነው። የሚንሿሿ ድምፅ ካለው መጋጠሚያው ውሃ ገብቶበት ወይም ዝጎ ሊሆን ይችላል። መስመሩ ፋይበር ከሆነ ደግሞ መሣሪያው ላይ ቀይ መብራት መብራቱን፣ ቀጭኑ ገመድም በወንበር እግር ሥር አለመታጠፉን ማየት ይገባል። በኬብል ደህና ሆኖ እዚያው አጠገቡ በዋይፋይ ከወደቀ ራውተሩ ራሱ ታሟል ማለት ይቻላል። ሁለቱም ደህና ሆነው ሩቅ ያለው ክፍል ብቻ ከወደቀ ግን ጥፋቱ የርቀትና የግድግዳ ነው። የእኛ ይህ ሦስተኛው ነበር።

ግድግዳ ሲባል ሁሉም እኩል አይደለም። እንጨትና መስኮት ብዙ አያስቸግሩም። ብሎኬትና ወፍራም የድንጋይ ግንብ ያደክማሉ። ውሃ የሞላ ሮቶ ይውጠዋል። ቆርቆሮና የብረት በር ደግሞ መልሰው ያንጸባርቁታል፤ ጀርባው የተቀባ ትልቅ መስታወትም እንደዚያው። የእናቴ ክፍል በዝናብ በኩል ግድግዳዋ በቆርቆሮ ተሸፍኗል፣ በሯ ብረት ነው፣ ሮቶው መካከል ላይ ቆሟል። ሳሎን ያለው ራውተር ደግሞ ቡፌ ላይ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ዳንቴል ለብሶ ተቀምጦ ነበር። ዳንቴሉ ኔትወርክ አይከለክልም፤ ሙቀቱን ግን አፍኖ ይይዛል፣ ሙቀት ደግሞ የዕቃውን ዕድሜ ያሳጥራል። የሚከልለው ቴሌቪዥኑ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣት በፊት ነጻውን መድኃኒት ሞከርን። ራውተሩን ወደ ግቢው በሚያሳየው መስኮት አጠገብ በሰው ቁመት ልክ ሰቀልነው። አንቴናውን ቀጥ አድርገን አቆምነው፤ ሞገዱ ከቆመ አንቴና የሚሰራጨው በዙሪያው ወደ ጎን ነውና። ከተገናኙት ስልኮች ዝርዝር ውስጥ የማናውቃቸው አምስት ስልኮች ስለተገኙ የይለፍ ቃሉን ቀየርን። ለፈተና ለምታጠናው ለጎረቤታችን ልጅ አዲሱን ራሴ ጽፌ ሰጠኋት፤ ጎረቤት መከልከል አይሆንልኝም። በመንገድ ዳር ያሉት ሱቆች ሁሉ ዋይፋይ ስላላቸው ደግሞ ልጁ መስመሩን ከተጨናነቀው ወደ ተሻለው አዛወረው። በ2.4 ጊጋኸርዝ ሳይደራረቡ የሚሠሩት 1፣ 6 እና 11 የሚባሉት ናቸው።

ይህን ሁሉ ካደረግን በኋላ ጓሮ ያለው ቁጥር ከ0.2 ወደ 0.8 ወጣ። ግን የብረት በሩ ሲዘጋ ተመልሶ ይወድቃል። በብርድ ጊዜ በር ከፍታችሁ አውሩ ማለት ለአልጋ ቁራኛ አይሆንም። ስለዚህ የመግዛቱ ጥያቄ እንደገና ተነሣ።

ወልድያ ለሌላ ጉዳይ በሄድኩበት ቀን አንድ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ። ልጁ ገና ሲያየኝ አወቀኝ፤ እናቱን አዋልጄ ነበር መሰለኝ።

«ሲስተር፣ ይሄ ባለ ስድስት አንቴና ነው፤ ቤትዎን ከዳር እስከ ዳር ይሸፍናል» አለኝ።

«ቆርቆሮ ያልፋል?» አልኩት።

ጥቂት ዝም አለ። «ቆርቆሮስ አያልፍም፣ ሲስተር» አለ።

እውነቱን ስለነገረኝ አመሰገንኩት። እሱም ወንበር ስቦ አስቀመጠኝና አንድ ነገር አስረዳኝ፤ ከዚያ ወዲህ ለብዙ ሰው ነግሬዋለሁ። ዋይፋይ እንደ ሬዲዮ አንድ ወገን ብቻ የሚናገርበት አይደለም፣ ስልኩም ይመልሳል። በገደል ማዶና ማዶ የቆሙ ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ በድምፅ ማጉያ ቢጣራ ሌላው ይሰማዋል፤ ግን በባዶ ጉሮሮው የሚመልሰውን የመጀመሪያው አይሰማም። ራውተሩ ቢጎለብትም የስልኳ ጉሮሮ ያው ነው። በዚያ ላይ አዳዲሶቹ ራውተሮች ፈጣን የሚሆኑት ብዙውን ጊዜ በ5 ጊጋኸርዝ ነው፤ እሱ ደግሞ ፍጥነቱ ከፍ ቢልም ግድግዳ ማለፍ ላይ ከ2.4 ያንሳል። 4 ሜጋቢት ለሚገባበት ቤት በመቶ የሚቆጠር ሜጋቢት የሚችል ራውተር መግዛት በጠባብ ቧንቧ ጫፍ ላይ ትልቅ ገንዳ እንደ ማስቀመጥ ነው።

ሶኬት ላይ የሚሰካውን ማራዘሚያ መሣሪያም አሳየኝ። ዋጋው ይረክሳል። ነገር ግን የሚያስተላልፈው የደረሰውን ነው። ደካማ ኔትወርክ ያለበት ክፍል ውስጥ ከሰኩት ያንኑ ድካም ይደግማል። መቀበሉም መላኩም በአንድ ሞገድ ስለሆነ ፍጥነቱን በግማሽ ያህል ይቀንሳል። እኛ ቤት ግማሹ ምን ይሆናል?

መጨረሻ ላይ የወሰንኩት ኬብል ነው። የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ድረስ ፍጥነት ሳይቀንስ ይሄዳል፤ እኛ የሚያስፈልገን 30 ሜትር ነበር። ኬብሉ ደግሞ ቆርቆሮ አይፈራም። በጓሮ ክፍሉ ጫፍ ላይ ለሚሰካው ሁለተኛ መሣሪያም አልከፈልኩም። ቤታቸው ፋይበር የገባላቸው ጎረቤቶቻችን የድሮው ራውተራቸው መደርደሪያ ላይ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበርና ሰጡን። የወንድሜ ልጅ አድራሻውን ከዋናው እንዳይጋጭ ከ192.168.1.1 ወደ 192.168.1.2 ቀየረው፤ ለስልኮች አድራሻ ማደሉንም አጠፋበት፤ ይህን ሥራ ዋናው ብቻ ይሥራው ብሎ። ኬብሉን በኤሌክትሪክ ፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ አድርገን በመሬት ውስጥ አሳለፍነው፤ ፀሐይ እንዳያደርቀው፣ በግም እንዳይረግጠው። ክረምት ነጎድጓድ ሲጀምር ሁለቱንም ጫፍ እንነቅላለን፤ መብረቅ በግቢ ውስጥ በተዘረጋ የመዳብ ኬብል ወደ ቤት ሊገባ ይችላል።

በእናቴ ትራስ ዘንድ አሁን የሚለካው 3.5 ነው፤ በሩ ተዘግቶም ያው ነው። ማንም አይሸከማትም። እህቴ የፈለገችውን ያህል ታያታለች። አንዳንዴም ሳይነጋገሩ ስልኩ ትራስ ላይ ተደግፎ፣ አንዷ ስትተኛ ሌላዋ ስታያት ይቆያሉ።

ይህን ስል ራውተር ፈጽሞ አይቀየርም ማለቴ አይደለም። የሚቀየርበት ጊዜ አለ። በሌላ ደህና አዳፕተር ተሞክሮም በቀን ደጋግሞ ራሱን እያጠፋ የሚያበራ ከሆነ ይቀየር። እዚህ ላይ አዳፕተሩን መሞከር እንዳይረሳ፤ መብራት በሚመላለስበት አገር ቀድሞ የሚደክመው ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ቮልቱ ግን የግድ አንድ መሆን አለበት፤ ራውተሩ ጀርባ ላይ 12 ካለ 12 ነው፣ አምፔሩም ከተጻፈው ማነስ የለበትም። በኬብል ደህና ሆኖ እዚያው አጠገቡ በዋይፋይ የሚወድቅ ከሆነም ይቀየር። ደብልዩፒኤ2 የሚባለውን መቆለፊያ የማያውቅ ያረጀ ዕቃ ከሆነ፣ ፍጥነቱ ደህና ቢሆን እንኳ ይቀየር፤ በእሱ በኩል የባንክ የይለፍ ቃል ያልፋልና። ጥቅላችሁን ከፍ አድርጋችሁ ራውተሩ ያንን መሸከም ካቃተውም ይቀየር። ከእነዚህ አንዱ ካልተገኘ ገንዘባችሁን ያዙ።

እኛ ለራውተር አስበነው የነበረው ገንዘብ ከኬብሉ የተረፈው ለእናቴ የአልጋ ቁስል የሚከላከል ፍራሽ ገባበት። ቀጥሎ የምናስበው መብራት ሲጠፋ ሁለቱን ራውተሮች ለጥቂት ሰዓት የሚያቆይ ባትሪ ነው፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ መብራት መጥፋት ይወዳል። ጎረቤቶቼ አሁን «ራውተር ልግዛ ወይ?» ብለው ሲመጡ ሦስቱን ቁጥር ለክተው፣ ጽፈው እንዲመጡ እነግራቸዋለሁ። አብዛኞቹ ወረቀቱን ይዘው ሲመለሱ ጥያቄያቸው ሌላ ሆኗል፤ ስለ ራውተሩ ሳይሆን ቴሌቪዥኑን ወዴት እንደሚያዞሩ ወይም ስንት ሜትር ኬብል እንደሚበቃቸው ይጠይቁኛል።