አራተኛው ሯጭ

 

መስከረም ሲጠባ እኛ ሮቤ የምንኖር ሰዎች ዘመን መለወጡን የምናውቀው በአደይ አበባ ብቻ አይደለም። (ሮቤ ስል የአርሲዋን ነው፤ ብዙ ሰው የባሌዋ እየመሰለው ይሳሳታል።) ክረምቱን ጭቃ የነበረው መንገድ ጠፈፍ ማለት ሲጀምር፣ ገና ጎህ ሳይቀድ የሩጫ ጫማ ድምፅ ይሰማል። ስንዴው ገና አረንጓዴ ነው፤ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ከ2400 ሜትር ከፍ ባለ ምድር ላይ ነን። ልጆቹ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው፣ እግራቸውን እኩል እያነሡ ያልፋሉ። ጭብጨባ የለም፣ ካሜራ የለም። የክለቦች አዲስ የውድድር ዘመን የሚጀመረው እንዲህ ነው።

ይህ ምድር የሯጭ ምድር መሆኑን መናገር አያስፈልገኝም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ የአሰላ ልጅ ነው። ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከበቆጂ ናቸው። የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። በ1988 ዓ.ም. ደግሞ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶንን በማሸነፍ ከአፍሪካ ሴቶች ቀዳሚዋ ሆነች። ስለዚህ እዚህ አካባቢ የሚያድግ ልጅ ሁሉ እግሩን ሲያይ አንድ ነገር ያስባል። ቤተሰቡም ያስባል።

መንገዱ ግን በክለብ በኩል ነው የሚያልፈው። መቻል የመከላከያ ነው፤ ኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ፌዴራል ማረሚያ የማን እንደሆኑ ስማቸው ይናገራል። ለገጠር ልጅ ክለብ መግባት ማለት ደመወዝ፣ ማደሪያ፣ አሰልጣኝና ጫማ ማለት ነው። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ክረምቱ የውል ወራት ነው፤ የአንዱ ውል ይታደሳል፣ ሌላው ይሰናበታል፣ አዲስ ልጅም በሙከራ ይታያል። ከዚያ ዝግጅት ይጀመራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፈጣን ሩጫ የለም፤ ዝግ ያለ ረጅም ሩጫ ብቻ ነው። ቀጥሎ ዳገት ይመጣል። ፍጥነት የሚመጣው ከሁሉ በኋላ ነው።

እኔ በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች አገልግሎት ውስጥ ነኝ። ከመዘምራኑ መካከል አንዲት የ19 ዓመት እህት አለች፤ ስሟን አልጠቅስም። ሦስት ዓመት ያለማቋረጥ ሠልጥናለች። ባለፈው ነሐሴ አንድ ክለብ ሙከራ አድርጎ ነበር። የሚወስደው ሦስት ሴት ልጆችን ነው። እርሷ አራተኛ ሆና ገባች።

ከእሑድ አምልኮ በኋላ ወንበር ስንሰበስብ ጠጋ ብላ፣ “ጋሼ፣ ጌታ አራተኛ አይወድም እንዴ?” አለችኝ።

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። ቀልድ አልነበረም። ከዚያ ሁሉንም ነገረችኝ። ለሙከራው ሦስት ቀን ጾማ ጸልያ ነበር። ከዓመት በፊት በአንድ የጸሎት ፕሮግራም ላይ አንድ እንግዳ አገልጋይ “በነጮች አገር ስትሮጪ አይሻለሁ” ብሏታል። አሁን ጓደኛዋ ዓረብ አገር የሚልክ ደላላ አግኝታለች፤ ፓስፖርት ለማውጣትም አብረው ሊሄዱ ነው። እናቷ ለብቻዋ ሦስት ልጆች ታሳድጋለች። “ሌላ አንድ ዓመት ዝም ብዬ መብላት አልችልም” አለች።

ወገኖች፣ እንዲህ ላለው ጥያቄ በችኮላ የሚመለስ መልስ የለም። “አይዞሽ፣ በሚቀጥለው ታልፊያለሽ” ማለት ቀላል ነው፤ ግን ያንን ማን ነገረኝ? ትንቢትን አልንቅም፤ ቃሉም እንዳንንቅ ያዝዛል። በዚያው ቦታ ግን ሁሉን እንድንመረምር፣ መልካሙን እንድንይዝ ያዝዛል (1 ተሰ. 5፥20-21)። ስለዚህ ስለ እግሮቿ ተስፋ አልሰጠኋትም። ጸለይንና ተለያየን፤ ጥያቄዋ ግን ከእኔ ጋር ቤት ገባ።

በዚያው ሳምንት ልጆቹን የሚያሠለጥኑትን ሰው አገኘኋቸውና ስለ እርሷ ጠየቅኋቸው። እርሳቸው የወንጌል አማኝ አይደሉም፤ ነገር ግን የነገሩኝ ነገር ብዙ አሳስቦኛል። “የአገር አቋራጭ የቡድን ውጤት እንዴት እንደሚቆጠር ታውቃለህ?” አሉኝ። እኔ ቀድሞ የገባውን ብቻ ነበር የማየው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓለም ሻምፒዮና ለምሳሌ አንድ አገር በአዋቂዎች ውድድር እስከ ስድስት ሰው ያሰልፋል። ቀድመው የገቡት የአራቱ ደረጃ ይደመራል፤ ትንሽ ድምር ያለው ቡድን ያሸንፋል። እስቲ አስቡት። አንዱ ቡድን 1ኛ፣ 2ኛና 3ኛ ወጣ፤ አራተኛው ሰው ግን 40ኛ ገባ። ድምሩ 46 ነው። ሌላው ቡድን 5ኛ፣ 8ኛ፣ 10ኛ እና 12ኛ ወጣ። ድምሩ 35 ነው። ከመጀመሪያዎቹ ሦስት አንድም ሰው የሌለው ቡድን የቡድኑን ወርቅ ይወስዳል!

“ስለዚህ በመስከረም እኔ የምደክመው ለአንደኛው አይደለም” አሉ አሰልጣኙ። “አንደኛው ብተወውም ይሮጣል። እኔ የምሠራው አራተኛው ላይ ነው። ሜዳልያው ያለው እርሱ እግር ላይ ነው።”

ይህን ሲሉ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። አውስትራሊያ ውስጥ ባትረስት በተባለ ቦታ የዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና ሲካሄድ ለተሰንበት ግደይ እየመራች መጥታ፣ መጨረሻው መስመር አጠገብ ስትደርስ ኬንያዊቷ ቢያትሪስ ቼቤት ቀደመቻትና ወደቀች። ሰው ደግፎ ስላነሣት ውጤቷ ተሰረዘ። ሁላችን ያየነውና ያዘንነው ያንን ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች ቡድን ግን በዚያ ቀን የብር ሜዳልያ አገኘ። ከየት መጣ? ከኋላ ሆነው ዝም ብለው ሲሮጡ ከነበሩት። ፊተኛዋ ስትወድቅ ቡድኑን የያዙት እነርሱ ናቸው።

እንግሊዝ አገር የሚኖር የአክስቴ ልጅ ደግሞ ስፒድዌይ ስለሚባል የሞተር ሳይክል ውድድር ነግሮኛል። አራት ሰዎች ፍሬን በሌለው ሞተር የአፈር መም ላይ አራት ዙር ይጋልባሉ። ውድድሩ በክረምታቸው ያርፋል፤ ክለቦቹም በዚያ ብርድ ለአዲሱ ዘመን ቡድን ይመሠርታሉ። ለእያንዳንዱ ጋላቢ ካለፈው ውጤቱ የተሰላ አማካይ ነጥብ አለው፤ የቡድኑ ድምር ግን ከተወሰነው ጣሪያ ማለፍ አይችልም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ክለብ እንኳ ጠንካሮችን ብቻ ሰብስቦ መሰለፍ አይችልም። ከኮከቡ ጋር ጀማሪውን የግድ መያዝ አለበት። የዘመኑን ውጤትም ብዙ ጊዜ የሚወስነው ያ ጀማሪ ምን ያህል አደገ የሚለው ነው።

ይህን ሁሉ ይዤ ወደዚያች እህት ተመለስኩ። የነገርኳትን ሰምታ ጥቂት ዝም አለች። ከዚያ፣ “ጋሼ፣ ይሄ ቡድን ውስጥ ለገባ ሰው ነው። እኔ ገና አልገባሁም” አለች።

እውነቷን ነው። የአሰልጣኙ ምሳሌ የሚያልቀው እዚህ ላይ ነው። ወንጌል የሚጀምረውም እዚሁ ላይ ነው።

ክለብ መጀመሪያ ያስሮጥሻል፣ ካለፍሽ ያስገባሻል። ጌታ ግን መጀመሪያ ያስገባሻል፣ ከዚያ ያስሮጥሻል። በጸጋ የዳንን መሆናችን፣ ከሥራ እንዳልሆነ፣ ማንም እንዳይመካ የተነገረው (ኤፌ. 2፥8-9) ማለት እኮ ይህ ነው። በእግዚአብሔር ቤት ሙከራ ተሰጥቶት ሰዓቱ ተይዞለት የገባ ሰው የለም። ጴጥሮስም አልገባም፣ ጳውሎስም አልገባም። ሮጦ ያለፈልን አንድ ነው፤ በእርሱ ውጤት ገባን። ስለዚህ ያ ክለብ አራተኛ ብሎ ሲመልሳት የመለሳት ክለቡ ነው፤ ጌታ አልመለሳትም። እነዚህን ሁለቱን ማምታታት ነፍስን ያቆስላል።

ታዲያ ሩጫውስ? ጳውሎስ ስለ ሩጫ የጻፈላቸው የቆሮንቶስ ሰዎች በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ጨዋታዎች ይደረጉ ነበርና ምሳሌው ይገባቸዋል። የሚሮጡት ብዙዎች ናቸው፣ ሽልማቱን የሚወስደው ግን አንድ ነው፤ ያም ከቅጠል የተጎነጎነ፣ የሚጠወልግ አክሊል ነው። ሐዋርያው ግን ሁሉም እንዲያገኙ ሮጡ ይላቸዋል፤ የእኛም አክሊል አይጠፋም (1 ቆሮ. 9፥24-25)። ሰውነቱን እንደሚገዛም ይናገራል፤ ይህም የውድድር ቀን ሥራ አይደለም፣ የዝግጅት ወራት ሥራ ነው።

የዕብራውያን ጸሐፊ ደግሞ ከዚህ አልፎ ይሄዳል። በምዕራፍ 11 የእምነት ጀግኖችን አንድ በአንድ ከቆጠረ በኋላ፣ ያለ እኛ ፍጹማን እንዳይሆኑ እግዚአብሔር እንዳዘጋጀ ይነግረናል (ዕብ. 11፥40)። አስተዋላችሁ? አብርሃም ቀድሞ ገብቷል፣ ሙሴ ቀድሞ ገብቷል፤ ድምሩ ግን ገና አልተዘጋም። እኛን ይጠብቃል። በምዕራፍ 12 ሩጫችንን በትዕግሥት እንድንሮጥ የሚነግረን ከዚህ በኋላ ነው። የእምነት ሩጫ የቡድን ሩጫ ነው፤ ኋላ የቀረው ሰው ይቆጠራል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። መስከረም ለአብያተ ክርስቲያናትም የዝግጅት ወር ነው። የዓመቱ ዕቅድ ይወጣል፤ ኮንፈረንስ፣ እንግዳ ሰባኪ፣ የመዘምራን አዲስ ልብስ። መልካም ነው። ግን ጉልበታችን ሁሉ አንደኛው ላይ አይደለም ወይ? ድምፅ ያለው ዘማሪ፣ አንደበት ያለው ሰባኪ ብንተወውም ይሮጣል። አራተኛው ማን ነው? ሁልጊዜ መጨረሻ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ወንድም፣ ዕቁቧን እንኳ መክፈል ያቃታት እናት፣ በሙከራ የተመለሰችው ልጅ ናቸው። ዘንድሮ የጉባኤያችን ጤንነት የሚለካው በእነርሱ ነው።

ስለ እህታችን የተነጋገርነው በዚህ ልብ ነበር። “ጌታ ያውቃል” ብለን ብቻ ብንሸኛት ደላላው ከእኛ የተሻለ መልስ ነበረው፤ እርሱ ቢያንስ የሚበላ ነገር ቃል ገብቷል። ሽማግሌዎች እናቷን አነጋገሩ። ሁለት ቤተሰቦች እስከ ጥር መጨረሻ የእህልና የቤት ኪራይ ወጪያቸውን ሊይዙ ተስማሙ። እርሷም ከወረዳው ቡድን ጋር ልምምድ ጀምራለች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ልብስ ስፌት ትማራለች። በጥር ትወስናለች። ክለብ ትገባ እንደሆነ አላውቅም፤ እርሷም አታውቅም። የነጮችን አገር ብታይም ባታይም የጌታ መሆኗን ግን ሁለታችንም እናውቃለን።

ውድ አንባቢ፣ ምናልባት አንተም ዘንድሮ ከአንድ ነገር ተመልሰህ ይሆናል። ከሥራ፣ ከፈተና፣ ከትዳር ተስፋ። ምናልባት ከነጭራሹ ቤተ ክርስቲያን የማትሄጂ፣ ይህን ጽሑፍ እንዲሁ አግኝተሽ የምታነብቢ እህት ትሆኛለሽ። ኢየሱስ ክርስቶስ በሩ ላይ ሰዓት ይዞ አልቆመም። የሚጠራህ፣ የሚጠራሽ እንዳላችሁ ነው። ግቡ፤ ሩጫውን እርሱ ያስተምራል።

አንተ የምትመራ፣ አንቺ የምታገለግዪ ደግሞ በዚህ ሳምንት ከመተኛትሽ በፊት፣ ከመተኛትህ በፊት የአንድ “አራተኛ” ሰው ስም በወረቀት ጻፉ። ጸልዩለት። ከዚያ ሄዳችሁ ምን እንደጎደለው ጠይቁት።

አባት ሆይ፣ በሙከራ ሳይሆን በልጅህ ደም ስላስገባኸን እናመሰግንሃለን። ፊት ያሉትን ከትዕቢት፣ ኋላ ያሉትን ከተስፋ መቁረጥ ጠብቅ። ወደ ኋላ የሚያይ ዓይን፣ የሚጠብቅ እግር ስጠን። በኢየሱስ ስም፣ አሜን።

ዘመኑ የበረከት ይሁንላችሁ።