በሶብላዬን ውርጭ መታው

ዛሬ ጠዋት በረንዳ ወጥቼ በሶብላዬን ሳየው ክው አልኩ። ትናንት ማታ ለምለም የነበረው ቅጠል ጠቁሮ፣ የፈላ ውሃ እንደነካው ጎመን ግንዱ ላይ ተለጥፏል። አጠገቡ ያለው ጤና አዳም ግን አመዳዩ እንደ ጨው ተነስንሶበት ምንም አልሆነም። እንደ እኔ እዚህ ሲልቨር ስፕሪንግ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከእንግዲህ እስከ ሚያዝያ ውጭ የሚተከል በሶብላ የለም። «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉ አባቶቻችን ይህን ብርድ ቢያዩ ሙሉ በግ ባሉ ነበር።

ተማሪ ሳለን ይህ አካባቢ «መካከለኛ የአየር ንብረት» ነው ተብለን ነበር። እኔ የመሰለኝ ወይና ደጋ ነው። ለካ መካከለኛ የሚሆነው በጋውና ክረምቱ ተደምሮ ለሁለት ሲካፈል ነው! ጥር ላይ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ሐምሌ ላይ ቀኑ 32 ዲግሪ ይገባል። ሙቀቱ ብቻውን ቢሆን ባልከፋ። ከደቡብ፣ ከባሕሩ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ላብ አያስደርቅም። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናትና ቀን ቢያቃጥል ማታ ይበርዳል፤ እዚህ ወበቁ አብሮን ያድራል።

እማዬ መጀመሪያ የመጣችው በሰኔ 2004 ነው፤ የአገር ቤት ዝናብ ሲጀምር፣ ጋቢዋን ደርባ። አርብ ሰኔ 22 ቀን እዚሁ አጠገባችን ያለችው ዋሽንግተን 40 ዲግሪ ደረሰች። ከምሽቱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ያ ዴሬቾ የሚሉት ነፋስ ከምዕራብ እየጠረገ መጣና ዛፉንም መብራቱንም ይዞት ሄደ። ለእኔ ብላ ከአገር ያመጣችው ቅቤ ፍሪዘር ውስጥ ቀልጦ ወለሉ ላይ ፈሰሰ። መብራት ከቀናት በኋላ ሲመጣ ኤሲው አልነሳ አለ። የሕንፃው ማናጀሮች «ነገ፣ ነገ» እያሉ ዘጠኝ ቀን አቆዩን። እናቴ መታጠቢያ ቤት ወለል ላይ እግሯን ዘርግታ፣ ነጠላዋን ውሃ እያስነካች ግንባሯ ላይ ታደርግ ነበር። «ልጄ፣ አንቺ እዚህ ነው የምትኖሪው?» አለችኝ። ኪራዬን አንድ ቀን አሳልፌ የማላውቅ ሰው ነኝ። ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም።

ሁለተኛው ጊዜ ከሙቀቱ ላድናት ብዬ በታኅሣሥ አመጣኋት። ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር 11 ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፣ የእግረኛው መንገድ በረዶ ነው፣ ወድቃ እንዳትሰበር ብዬ ቤተ ክርስቲያን እንኳ ሳልወስዳት ቀረሁ። ሁለት ጊዜ ውቅያኖስ ተሻግራ ያየችው የእኔን ሳሎን ነው።

አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት አትመጣም። ስላይጎ ክሪክ ዳር ቅጠሉ ቀይና ወርቅማ ሲሆን፣ አየሩ ልክ የአዲስ አበባ ጠዋት ሲመስል አላየችም።

እናታችሁን ለማምጣት ትኬት ልትቆርጡ ያሰባችሁ፣ እባካችሁ ከመስቀል በኋላ ወይም ከፋሲካ በኋላ አድርጉት። ሐምሌን ተዉት፤ ጥርንም ተዉት።