የተከልኩት ፎቶውን ነበር

ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ሲባል፣ 5ቱ የእኔ ነበሩ። ከመሥሪያ ቤት በአውቶቡስ ሄድን፤ ቲሸርትና ኮፍያ ታደለን፤ ተከልን፤ ፎቶ ተነሣን። ፎቶውን ብዙ ሰው ወደደልኝ።

ጥር ላይ ወደዚያው ኮረብታ ብቅ አልኩ። 5ቱም ደርቀዋል። አንዱን ሳብ ሳደርገው ጥቁሩ ፕላስቲክ ከነአፈሩ ሥሩን እንደጠፈረ ወጣ። በጥድፊያ ሳላወልቅለት ነው የቀበርኩት። በፍየል እንኳ ማሳበብ አልቻልኩም።

እናቴ የወሎ ደጋ ገበሬ ናት። ገብሷን የምትዘራው በበልግ ዝናብ ነው። «ልጄ፣ ዘንድሮም በልጉ ከዳን» ባለችኝ ቁጥር «አይዞሽ እማ» ብዬ ስልኩን እዘጋ ነበር። ስለ አየር ንብረት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያች ጥር በኋላ ነው። ዓለምን ከ1 ዲግሪ በላይ ያሞቃት በዋናነት የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅና የጋዝ ጭስ ነው። በዚህ ውስጥ የእናቴ ድርሻ ከምድጃዋ ጭስ አያልፍም። «ዕዳው የበለጸጉት አገሮች ነው» የምትሉ ወዳጆቼ እውነታችሁን ነው፤ እኔም እላለሁ። ፕላስቲኩን ሳያወልቅ የቀበረው ግን ከአውሮፓ የመጣ ሰው አይደለም። ዛፍ ካርቦን የሚይዘው ኖሮ ሲያድግ እንጂ በተተከለበት ቀን አይደለም።

አሁን ከሰፈር ልጆች ጋር ወንዝ ዳር ወይራና ዋንዛ እንንከባከባለን። ከጥቅምት እስከ ግንቦት በየእሑዱ ጀሪካን ይዘን እንወርዳለን። ከተከልናቸው 12 ውስጥ 7ቱ አሉ። አንዱ ዋንዛ ቁመቴን አልፏል። ፎቶ አላነሣሁትም። ለመጪው እሑድ ጀሪካን የሚሸከም ሰው ጎድሎናል።