ሐምሌ ላይ የገዛሁት ጣራ

ካምፐሩን የገዛሁት ሐምሌ ላይ ነው። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ ከሻጩ ጋር ዋጋ ስንከራከር ጣራው ራሱ ያጋልጠው ነበር። ሲያትል ግን ክረምቱ ተገልብጦ ነው የሚመጣው። ሐምሌና ነሐሴ ደረቅ ናቸው፤ ዝናቡ ጥቅምት ላይ ይጀምርና ያለ ነጎድጓድ፣ ያለ ግርግር፣ እስከ ፋሲካ ሰሞን ሲያካፋ ይከርማል።

ካምፐር ስል በመኪና የሚጎተት፣ አልጋና ትንሽ ማብሰያ ያለው ቤት ማለቴ ነው። አሜሪካኖች ለሽርሽር ይወጡበታል። እኔ ግን እኖርበት ነበር። ከሥራ ከተቀነስኩ በኋላ ሦስት ወር የአፓርታማ ኪራይ ከቁጠባዬ ከፈልኩ፤ አራተኛው ሲመጣ በቀረችኝ ብር 15 ዓመት ያገለገለ ካምፐር ገዛሁ። አንድ የአገሬ ሰው ጓሮው ውስጥ እንዳቆመው ፈቀደልኝ። ቤተሰቦቼን "ቤት ቀየርኩ" አልኳቸው። ውሸት አይደለም፣ አይደል?

ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ሌሊት የሥራ ማመልከቻ እየሞላሁ ላፕቶፔ ላይ ጠብ አለ። ቀና ስል ውሃው የሚመጣው ኮርኒሱ ላይ ካለው የኤሲ ክፈፍ ጥግ ነው። ሳፋ አስቀመጥኩና ጧት አንድ ቱቦ ሲሊኮን ገዝቼ ጣራ ላይ ወጣሁ። ኤሲው ከጣራው ጋር የሚገናኝበትን ዙሪያውን በሙሉ ለጠፍኩት። ፎቶም አንስቼዋለሁ፣ በጣም ነበር ያማረብኝ። አምስት ኪሎ አምስት ዓመት የተማረ ሰው ሥራ ነው እኮ!

በማግስቱ ሌሊት ከአንዱ ጥግ ይንጠባጠብ የነበረው ከሁለት ጥግ መጣ።

ለምን እንደሆነ የገባኝ ዘግይቶ ነው። የኤሲው የላይ ክዳን ዝናብ እንዲከለክል የተሠራ አይደለም፤ አየር እንዲያሳልፍ የተሰነጣጠቀ ስለሆነ ዝናቡ እንደልቡ ይገባል። የገባው ውሃ ከታች ባለው ትሪ ላይ ያርፍና በመፍሰሻዎቹ ወጥቶ በጣራው ላይ ይሄዳል። ኤሲው ሲሠራ ከአየሩ የሚያወጣው እርጥበትም መውጫው እዚያው ነው። እኔ ያንን መውጫ ነው በሲሊኮን የደፈንኩት። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ሞላና ወደ እኔ መጣ።

አባዬ የደወለው በዚያው ሰሞን ነው። እኔ ጋ መሽቷል፣ እነሱ ጋ ነግቷል። ካሜራው ግድግዳው ብቻ እንዲታይ አድርጌ እያወራን ሳለ ዝም አለና፣ "እሱ ምንድን ነው የሚንጠባጠበው?" አለኝ።

"ፍሪጅ ነው አባዬ።"

"ፍሪጅ እንዲህ አያደርግም። ይሄ የጣራ ነው።"

ምን ልበለው? አባቴ ኮልፌ ያለውን ቤታችንን ጣራ በየዓመቱ ግንቦት መጨረሻ ላይ ሲጠግን የኖረ ሰው ነው። እኔ መሰላል እይዛለሁ፣ የቆርቆሮ ሚስማር አቀብላለሁ። በሳፋ ላይ የሚያርፍ ጠብታ ከኔ በላይ ያውቃል። ካሜራውን አዞርኩና ሁሉንም አሳየሁት። ሳፋውን፣ አልጋውን፣ የተንጠለጠለውን ልብሴን። ከሥራ መቀነሴንም ነገርኩት። ወራት ማለፋቸውንም።

ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባዬ?" ስል፣ "ጣራው ቆርቆሮ ነው?" አለኝ።

ላስቲክ መሆኑን ነገርኩት። "ታዲያ ሬንጅ አድርግበት።" አይሆንም፤ የዚህ ዓይነቱን የጣራ ላስቲክ ሬንጅ ያበላሸዋል። ይሄን ስለው ቅር አለው፤ ሬንጅ የሚያበላሸው ጣራ በዓለም ላይ መኖሩ አልተዋጠለትም። ቀጥሎ ግን፣ "እሺ፣ በምንድን ነው የታሰረው? ጎማውስ?" አለኝ።

ጎማው! ቆርቆሮ የሚያፈስ ጊዜ ሚስማሩን ሳይሆን ከሚስማሩ ራስ ሥር ያለችውን ጎማ እይ ይለኝ ነበር። እኔ ደግሞ ልጅ ሆኜ እስኪሰጥም ስቀጠቅጠው ጎማዋ እየተሰነጠቀች ስንት ተቆጥቶኛል!

የካምፐር ኤሲም ነገሩ ያው ነው። ጣራው ላይ በየጎኑ 36 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ፤ 45 ኪሎ የሚጠጋው ኤሲ ከላዩ ይቀመጣል። መሀላቸው ስፖንጅ የመሰለ ጓርኒሲዮን አለ፤ ውሃ የሚከለክለው እሱ ብቻ ነው። ከውስጥ በኩል፣ ከኮርኒሱ ክፈፍ ጀርባ፣ አራት ቡሎኖች ኤሲውን ወደ ታች ይስቡታል። መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ ቡሎኖቹ ይላላሉ፣ ጓርኒሲዮኑም በዕድሜ ይሟሽሻል። ብዙ ጊዜ ማጥበቅ ብቻ ይበቃል። የኔው አልፎበት ነበር፤ እንደ ቂጣ ተለጥፏል።

ያን ሲሊኮን መፋቅ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሲሊኮን ተነሥቶም ቅባቱ ይቀራል፣ ሌላ ነገር በላዩ አይጣበቅም። ኤሌክትሪኩን ነቅዬ፣ ከባለጓሮው ጋር ኤሲውን አንሥተን ስናየው የቀዳዳው አንዱ ጥግ እንጨቱ ርሷል። በካቻቢቴ ስወጋው ትንሽ ገባ። ሸራ ወጥረን፣ ከውስጥ ማሞቂያና ቬንትሌተር ለኩሰን አራት ቀን አደረቅነው። እነዚያን አራት ቀናት እንዴት እንዳሳለፍኩ አልነግራችሁም።

አዲሱ ጓርኒሲዮን ወፍራም ነው፤ 2.5 ሳንቲ ሜትር ያህላል። ቡሎኖቹን በሰያፍ፣ ተራ በተራ፣ በትንሽ በትንሹ አጥብቄ ግማሽ ያህል ሲታመቅ አቆምኩ። አንድ ዙር ልጨምር እጄ ያሳክከኝ ነበር። አልጨመርኩም።

በሳምንቱ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያካፋ አድሮ፣ ደወልኩ። አባዬ ስለ ሥራው አልጠየቀኝም። "ስልኩን ወደ ኮርኒሱ አስጠጋው" አለ። አልጋው ላይ ቆሜ አስጠጋሁት። ከውጭ የዝናቡ ሹክሹክታ አለ፣ ከውስጥ ምንም።

ቆይቶ፣ "በል ቆይ፣ እናትህን ልጥራት" አለኝ።